«አንድ እጅ ድገምበት፣ ይጠፋል»፦ ስለ ሸካራ ኮርኒስ ጥገና የማይሞቱ ስህተቶች

ጣሪያ አፍስሶ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ምልክት ሲቀር ምክሩ ሁሌ አንድ ነው፦ «ነጭ ቀለም ድገምበት፣ ይሸፍነዋል»። አይሸፍነውም። አራት እጅም ቢቀባ አይሸፍነውም።

ቢጫው ውሃው ከእንጨት፣ ከአቧራና ከዝገት አሟሙቶ ያወረደው ቅሪት ነው። የውሃ ቀለም ሲያርፍበት ቅሪቱ እንደገና ይሟሟል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ከእርጥበቱ ጋር ተስቦ ፊቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የተደገመው እያንዳንዱ እጅ ቢጫውን መልሶ ከማርጠብ በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ሰው ግን ቀለሙን ይረግማል፣ ውድ ቀለም ይገዛል፣ ያው ቢጫ ይመለሳል።

የሚያግደው ቅሪቱን የማያሟሟ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ነው፦ በዘይት የተሠራ ወይም ሼላክ የተባለው ሙጫ በአልኮል የሟሟበት። ፍሳሹ ቆሞ ኮርኒሱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ምልክቱን ከዳር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይቀባል። ፕራይመሩ ደርቆም ቢጫው ጭል ጭል ካለ፣ የሚደገመው ፕራይመሩ እንጂ ቀለሙ አይደለም። ሽታው ከባድ ነው፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል፤ መስኮት ይከፈት፣ እሳት ይራቅ። ጂፕሰሙ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም የረገበ ከሆነ ግን ቀለምም ፕራይመርም አያድነውም፤ ተቆርጦ ይቀየራል።

«አሮጌውን ሸካራ ፍቆ መጣል ነው።» ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ቃጫ) ሊኖርበት ይችላል። ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይመረመር አይነካ። ተራ የጨርቅ ጭንብል ከዚያ ብናኝ አያድንም።

«ሮለር ሮለር ነው።» ቀለም ነክቶት የማያውቅ ሸካራ ኮርኒስ ብዙ ጊዜ በውሃ ይሟሟል። ጥግ ላይ ትንሽ ውሃ ነፍተው በጣት ይሹት፤ እንደ ሊጥ ከላላ የውሃ ቀለም በሮለር አይቀባም፣ ሮለሩ ላይ ተጣብቆ እየተገሸለጠ ይወርዳል። መጀመሪያ የዘይት ፕራይመር በስስ ይነፋበት። ከዚያ ጠጉሩ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ሮለር፣ ሳይጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀባል። ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያው ፈጽሞ ሲደርቅ በአግድሙ ይሄዳል። እርጥቡን ቦታ መላልሶ ማሸት ነው ሸካራውን የሚያወርደው።

«ስቱኮውን በአንዴ ሞልቶ መገላገል።» ስቱኮ ቀዳዳና ስንጥቅ የሚሞላበት ሊጥ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ከተሞላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በየጊዜው ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ይሞላ፣ በመሃል ይድረቅ። ስንጥቅ ከሆነ መጀመሪያ የመረብ ቴፕ ይለጠፍበት።

«የተጠገነውን ቦታ ብቻ መቀባት ይበቃል።» አይበቃም፤ አሮጌው ነጭ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። ጥገናው ፕራይመር ይቀባና ኮርኒሱ በሙሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በማያብለጨልጭ ቀለም ይሸፈን። የሚያብለጨልጭ ቀለም የጥገናውን ዳር ሁሉ ያጋልጣል።

ሸካራውን ማመሳሰል ደግሞ ካርቶን ላይ ይለመዳል። እጅ የሚፈታው እዚያ ነው፤ ኮርኒስ ላይ የተበላሸው ግን ሳይደርቅ ተጠርጎ እንደገና ይጀመራል።