ማረሻና ጫጩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ኅዳር ከጎንደር ደምቢያ ወርጄ ነበር። የአንድ ጎረቤታችን አርባ ነው። ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ዶሮም ያረባሉ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ "አባባ" ነበር የምንላቸው።

ጊዜው የጤፍ አጨዳ ነው። አንድ ገበሬ ከማሳው በቀጥታ ወደ ዳሱ ገባ፤ ማጭዱ ከእጁ አልወረደም። "ይኼ የሳቸው ሥራ ነው" አለና ማጭዱን አሳየን። ሌላ ቃል አልወጣውም። ወዲያው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ትዝ አለኝ። ጣቢታ ስታርፍ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ምን አሳዩት? የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ። እሱን ይዘው ፊቱ ቆመው አለቀሱ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ሕሊናዬ አይለቀኝም። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሰድበዋል። ቀን ማረሻ ሲያሠራ የዋለ ጎረቤት ማታ ልጁን ከዓይናቸው ይደብቃል። "ቡዳ" ይላቸዋል። እኔም በልጅነቴ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ብያቸዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬ ለእናንተም እናገራለሁ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ግን ቃሉን ከአፋችን አላወጣነውም።

እስቲ መጽሐፉን እንግለጥ። ኢሳይያስ 2፥4 "ሰይፋቸውንም ማረሻ፥ ጦራቸውንም ማጭድ ለማድረግ ይቀጠቅጣሉ" ይላል። አያችሁ? ይቀጠቅጣሉ! እኛ ስድብ ያደረግነው ቃል በነቢዩ አፍ የሰላም ሥራ ነው። ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ብረት ሠሪው ይናገራል። የእሳቱ ወላፈን ሰውነቱን ያከሳዋል፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ይሞላዋል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሌሉ ግን ከተማ አይቆምም። ጌታችንንም በገዛ አገሩ "ጸራቢው አይደለምን?" ብለው ተሰናክለውበታል። ባለ እጅን ስንንቅ ከማን ጋር እንደቆምን እናስብ።

አሁን ወደ ዶሮዎቹ ልምጣ። አባባ ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ መዶሻው እንዳያስደነግጣት ሥራቸውን ራቅ ብሎ ወዳለው ዛፍ ሥር ያዞሩ ነበር። ሙቀቱ ሲያቃጥላቸው ይውላል እንጂ አይመለሱም። "21 ቀን ነው፣ እኔ ብታገሥ ምን አለበት፤ እሷ ለጥሬና ለውኃ ካልሆነ አትነሣም" ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጭልፊት ሲያንዣብብ እናቲቱ ተጣራች። ጫጩቶቹ እየሮጡ ክንፏ ሥር ገቡ። አንዷ ግን ትል እየጫረች ቀረች፤ ጭልፊቱ ወሰዳት። እኔ "ምን ዓይነት እናት ናት!" አልኩ። አባባ ቀና ብለው አዩኝና "እናትማ ጠርታለች ልጄ። ያልመጣችው ጫጩቷ ናት" አሉኝ።

ማቴዎስ 23፥37ን ባነበብኩ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። "ዶሮ ጫጩቶችዋን ከክንፎችዋ በታች እንደምትሰበስብ ልጆችሽን እሰበስብ ዘንድ ስንት ጊዜ ወደድሁ! አልወደዳችሁምም።" ጌታ ንስርን ወይም አንበሳን መጥቀስ ይችል ነበር። የመረጠው በየጓሯችን ያለችውን ዶሮ ነው። ክንፉ አላጠረም፤ ጥሪውም አልተቋረጠም። እኛ ነን ትሏ ላይ የዘገየነው። ቂም ይዘን፣ ሰው ንቀን፣ ቁርባንን ለነገ እያልን።

አባባ ባል ለሞተባቸው ሴቶች ቄብ ይሰጡ ነበር። "ስትፈለፍል አንዷን ለሌላ ስጪ" ይላሉ፤ ሌላ ክፍያ የላቸውም። አንድ ዓመት ፈንግል ገብቶ አንድ ሳያስቀር ዶሮዎቻቸውን ፈጀባቸው። ከሩቅ መንደር አንዲት ሴት የእሳቸውን ዘር ጫጩቶች በቅርጫት ይዛ መጣች። እንደገና የጀመሩት በእነዚያ ነው።

ከዳሱ ስወጣ ባለቤታቸው ጠሩኝ። የተሳደብኩትን ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ በር ላይ ቆመው ሰምተውኛል። አንዲት ገብስማ ቄብ እግሯን አስረው አስታቀፉኝ።

"እሱ ቢኖር ባዶ እጅህን አይሰድህም ነበር" አሉኝ።