ደብረ ብርሃን ለጉባኤ ለሚመጣ እንግዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲዘጋጅ ለእንግዳ የሚላከው ደብዳቤ ስለ ጥናታዊ ጽሑፉ ገጽ ብዛትና ስለ ምዝገባው በዝርዝር ይናገራል። ስለ ጉዞው ግን ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ብቻ ይጨምራል። እንግዳውን መከራ የሚያሳየው ደግሞ እኛ የአገሩ ሰዎች «ይሄን ማን ያጣዋል» ብለን ሳንጽፍ የምናልፈው ነገር ነው። ይህን የጻፍኩት ከውጭ ለሚመጡ ወገኖችም፣ እንግዳ ለሚቀበሉ የዝግጅት ኮሚቴ አባላትም ነው፤ ስህተቱ በሁለቱም በኩል ስላለ።

«ሰሜን ሸዋ አንድ ነው፤ ደብረ ብርሃንም አንድ»

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። በአማራ ክልል ያለው ዞን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን፣ በኦሮሚያ ያለው ደግሞ ፍቼ ነው። ደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ፣ ፍቼ በጎጃም መንገድ ላይ ስለሆኑ «በምሳ ሰዓት ደብረ ሊባኖስን ተሳልሜ እመለሳለሁ» ያለ እንግዳ ሐሳቡን ቢቀይር ይሻለዋል። ገዳሙ ያለው በፍቼ በኩል ነው።

ሌላው ከኢንተርኔት የሚመጣ ስህተት ነው። እንግዳው ስማችንን ፈልጎ ጣሪያው ሙሉ በመላእክት ፊት የተሣለ ቤተ ክርስቲያን ያገኝና ሊያየው ይጓጓል። ያ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። የሸዋዋ ደብረ ብርሃን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ደብረ ዘይት፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ታቦር እያለ ስሙ የሚምታታበትም አለ። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ፣ በደሴ መንገድ» ብሎ መጻፍ አይበዛም።

«130 ኪሎ ሜትር ምን አላት? ከአውሮፕላን ወርዶ መኪና ውስጥ መግባት ነው»

መንገዱ አስፋልት ነው፤ ርቀቱም ልክ ነው። የሚጨርሰን ከአዲስ አበባ መውጣቱ ነው። ከቦሌ ተነስቶ መገናኛንና ኮተቤን አልፎ ለገጣፎ እስኪደርስ ሰው ትዕግሥቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያሉ መንገዱ የሚከፈተው። በመደበኛ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይያዝለት። መደበኛ የመንገደኛ በረራም ባቡርም የለም። በራሱ ለሚመጣ ሰው የሕዝብ ማመላለሻው የሚነሳው ከላምበረት መናኸሪያ ነው።

በረራው ማታ የሚገባ እንግዳ አዲስ አበባ ይደር። ጨለማ ውስጥ የሲኖትራክ፣ የባጃጅ፣ የከብትና የእግረኛ መንገድ አንድ ይሆናል፤ ጭጋግ ከተጨመረበት ደግሞ ሾፌሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አይመከርም። አዲስ አበባ ማደሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከፍታውን ስናነሳ እመለስበታለሁ።

«አፍሪካ አይደል? ሙቀት ነው»

እንግዳው ቀጭን ሸሚዝ ይዞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የአገራችን ሰውም «ያው እንደኛው ብርድ ነው» ብሎ ይሸወዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጉባኤ በሚበዛባቸው በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ብዙ ሆቴሎች የክፍል ማሞቂያ የላቸውም፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ግን ይጠየቃል፣ ይገኛልም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። ወፍራም ሹራብ፣ ካልሲና ጃኬት ይዞ ያልመጣ ደግሞ ገበያ ወጥቶ ጋቢ ይግዛ፤ በርኖስ ካገኘ ያገሩን ልብስ አገኘ ማለት ነው።

ቀን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብርድ ስላለ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስላል፤ ሆኖም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በሻይ እረፍት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ የዋሉ እንግዶች ማታ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ይታያል። ባርኔጣና የፀሐይ ክሬም ይዘው ይምጡ።

እዚህ ላይ የእኛን የአስተናጋጆቹን ስህተት ላንሳ፦ «ብርድ ነው፣ አንድ መለኪያ አረቄ ያሙቅህ»። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ አያሞቅም። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀቱ ወደ ቆዳ ወጥቶ ይሰማናል፤ ያ ሙቀት ግን ከሰውነት እየወጣ የሚባክነው ነው። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ይቀንሳል። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ሊታይ ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ መቆራረጥ ምልክቶቹ ናቸው። «ስፖርተኛ ነኝ፣ አይዘኝም» ማለትም አያዋጣም፤ ጉልበት ያለውንም የሌለውንም ይይዛል። የሚበጀው አዲስ አበባ (2,300 ሜትር ያህል ናት) አንድ ሌሊት ማደር፣ ውኃ ደጋግሞ መጠጣት፣ የመጀመሪያውን ምሽት ከአረቄም ከጠጅም መራቅ ነው። እንግዳው «አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ይቅርብኝ» ሲል «በሞቴ» እያላችሁ አታስጨንቁት። ነገ ይጠጣል።

«የወባ ክኒን ሳይወስዱ ኢትዮጵያ አይገባም»

ወባ ከ2,500 ሜትር በላይ አያሰጋም፤ ስለዚህ ጉባኤውን ብቻ ተካፍሎ ለሚመለስ ሰው ክኒኑ አያስፈልገውም። ከጉባኤው በኋላ በጣርማበር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ለሚሄድ ግን ያስፈልገዋል። መንገዱ ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ከደጋ ወደ ቆላ ያወርዳል። ክኒኑ ከጉዞ በፊት የሚጀመር ስለሆነ ከመነሳት በፊት ሐኪም ማማከር ነው። የቢጫ ወባ የክትባት ካርድ የሚጠየቀው በሽታው ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ሰው ነው፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ውኃ የታሸገውን መጠጣት ይሻላል። የሚፈላም ከሆነ፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

«ሰዓትና ቀን ያው ሰዓትና ቀን ነው»

ብዙ ጉባኤ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መርሐ ግብር ላይ አንዱ የእኛ ሰው «መክፈቻ 2:30» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ እንግዳው ግን ከምሳ በኋላ መስሎት ሆቴሉ ተኝቶ ይቀራል። ሾፌር «11 ሰዓት እመጣለሁ» ካለም ንጋት ይሁን አመሻሽ ይጣራ።

የበረራው ነገር ይብሳል። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ይላል። በእነሱ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ይህ ለእኛ ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 6:30 ነው። ሾፌሩ «ማክሰኞ ሌሊት 6:30» ብቻ ከተባለ በማግሥቱ ሌሊት ባዶ ቦሌ ላይ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይቆማል፤ እንግዳው ቀድሞ ገብቶ በታክሲ ሄዷል። ስለዚህ ለሾፌር ሲነገር ሁልጊዜ «ሰኞ ለማክሰኞ» ይባል።

ወርም እንዲሁ ነው። ኅዳርን ኖቬምበር ብሎ የሚተረጉም ጸሐፊ አለ። ኅዳር 5 ግን በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 14 ነው፤ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ የደረሰ እንግዳ ማንን ይጠይቃል? ጥምቀት ሰሞን፣ ማለትም ጥር 11 አካባቢ፣ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ኮሚቴም መኪናና ክፍል እንደሚወደድበት አስቀድሞ ይወቀው።

«ጾም ምግብ ካለ ሁሉም ይጠግባል»

ሥጋ ለማይበላ እንግዳ ረቡዕና ዓርብ የእኛ አገር ገነት ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በየቤቱ አለ። ሁለት ነገሮች ግን ይዘነጋሉ። አንደኛው የእርድ ጉዳይ ነው። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በአገራችን እንደሚለይ ከውጭ የመጣ ሙስሊም ላያውቅ ይችላል፤ በምዝገባ ቅጹ ላይ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ጤናን የሚነካ ነው። «እንጀራ ጤፍ ነው፣ ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም» የሚለው በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። ጤፍን በተመለከተ እውነት ነው፤ ግሉተን በስንዴና በመሰሎቹ ውስጥ ያለ፣ ለአንዳንድ ሰው የማይስማማ ፕሮቲን ነው። ደጋው ግን የገብስ አገር ነው፤ ጤፍ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገር እንጀራ ብዙ ነው፤ ገብስ ደግሞ ግሉተን አለው። ግሉተን የማይስማማው እንግዳ ካለ «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብሎ ወጥ ቤቷን መጠየቅ የአስተናጋጁ ድርሻ ነው። በሶ፣ ቆሎና ጠላም ለዚህ ሰው አይሆኑም።

«ካርድ ካለ ብር አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። የውጭ ካርድ የሚቀበል የኤቲኤም ማሽን ቢኖርም መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ይቆማል። እንግዳው ቦሌ ወይም አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ይመንዝር፤ ደረሰኙንም ይያዝ። በውጭ ያሉ ዘመዶች «ጥቁር ገበያ ይሻላል» ብለው የሚመክሩት ሕገ ወጥ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ምክሩም አርጅቷል። በዚሁ የኔትወርክ ምክንያት ጽሑፍ አቅራቢዎች ስላይዳቸውን በፍላሽ ይያዙ። ቪዛ በኦንላይን ሲጠየቅ ለጉባኤ የተለየ ዘርፍ ስላለ የግብዣ ደብዳቤው ቶሎ ይድረሳቸው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ የሚባለው) ያላቸው ወገኖች ቪዛ አይጠየቁም።

«ሰላም ነው፣ ምንም የለም» እና «እዚያ ማ ይሄዳል?»

ሁለቱም መልስ አይሆኑም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ እስከ 2016 ግንቦት ድረስ እንደቆየ እንግዳው አንብቧል፤ «ምንም የለም» ስንለው እምነቱን እናጣለን። ይልቅ የሚያገለግለውን እንንገረው። የብዙ አገር መንግሥታት ለዜጎቻቸው የጉዞ ማሳሰቢያ ያወጣሉ፤ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች ደግሞ ማሳሰቢያውን ጥሶ ለሄደ ሰው አይከፍሉም። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ማሳሰቢያውንም የኢንሹራንስ ውሉንም ያንብብ። በእኛ በኩል ደግሞ በሳምንቱ የመንገዱን ሁኔታ አጣርቶ የሚነግር፣ ሌሊትም ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይመደብ፤ በጉባኤው ማብቂያና በመልስ በረራው መካከል አንድ ባዶ ቀን ይተው። መንገድ ቢዘጋ ሊመጣ የሚችለውን ችግር ያ አንድ ቀን ይሸፍነዋል።

«በትርፍ ሰዓት አንኮበርንም ጓሳንም አይቶ መመለስ ይቻላል»

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የምኒልክን ቤተ መንግሥት ቆሞ አገኘዋለሁ ብሎ የሚሄድ ግን ይከፋዋል፤ የቀረው ፍርስራሹ ነው። ቦታው ራሱ፣ ከተራራው ጫፍ ቁልቁል እስከ አፋር ሜዳ የሚታየው፣ ድካሙን ይክሳል።

መንዝ ጓሳ ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከደብረ ብርሃን በጣርማበር በኩል ዞሮ ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ነው፤ ከፍታውም ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት ይያዝለት፤ ብርዱ ደብረ ብርሃንን ያስመሰግናል። ድሮን ይዞ የሚመጣ ካለ ግን አስቀድሞ ፈቃድ ያውጣ፤ ያለ ፈቃድ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዝበታል።