«የሃያሲያን አቀባበል» ምንድን ነው? የኮሜዲ ሁለተኛ ምዕራፍስ ለምን ይከብዳል?

ስለ አንድ ተከታታይ ኮሜዲ ስታነቡ «ሁለተኛው ምዕራፍ በሃያሲያን ዘንድ ጥሩ አቀባበል አገኘ» የሚል ነገር አይጠፋም። አቀባበል የሚባለው፣ ሥራቸው ፊልምና ቴሌቪዥን አይቶ መገምገም የሆነ ሰዎች የጻፉት አስተያየት ሲደመር የሚሰጠው ስሜት ነው። የተመልካች ብዛት ሌላ ጉዳይ ነው። ሚሊዮኖች የሚያዩት ኮሜዲ በሃያሲያን ሊብጠለጠል ይችላል። ተመልካች አጥቶ ሊዘጋ የደረሰው ደግሞ ሊሞገስ ይችላል።

ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ፈተናው ይከብዳል። ሃያሲው ገጸ ባህርያቱን ያውቃቸዋል፣ ቀልዱንም ለምዶታል። ስለዚህ የሚያወዳድረው ከራሱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጋር ነው። ያንኑ ከደገመ «ሰለቸን» ይባላል። በጣም ከተለወጠ ደግሞ «የወደድነው ይሄንን አልነበረም»።

ይህን ፈተና ካለፉት ሁሉ እኔ የማስቀድመው የአንድ ቢሮ ሠራተኞችን ሕይወት የሚያሳየውን የአሜሪካውን «ዘ ኦፊስ» ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2005 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጀምር 6 ክፍሎች ብቻ ነበሩት። የተቀዳው ከተወደደ የእንግሊዝ ኮሜዲ ስለነበር ማነጻጸሩ አልቀረለትም። የመጀመሪያው ክፍል ጽሑፍም ከእንግሊዙ ብዙም አልራቀም። በዚያ ላይ አለቃው ማይክል ስኮት ለዓይን የሚከብድ ሰው ነበር። በዚያው ክፍል እንግዳ ተቀባይዋን ፓምን «ሰርቀሻል፣ ተባረሻል» ብሎ ይቀልድባታል። ልጅቷ ታለቅሳለች። እሱ ቀልድ መሆኑን ሲነግራት የሚስቅ የለም።

ሁለተኛው ምዕራፍ በሴፕቴምበር 2005 ሲከፈት ማይክል ምግብ ቤት ውስጥ ለሠራተኞቹ ራሱ የፈለሰፈውን ሽልማት ያድላል። ቀልዱ አሁንም አሰልቺ ነው። ሠራተኞቹም ተሳቀዋል። ድንገት ግን እዚያው የሚዝናኑ የማይታወቁ ሰዎች ያሾፉበትና ዕቃ ይወረውሩበታል። ማይክል ኩምሽሽ ይላል። ያኔ ፓምና የሥራ ባልደረባዋ ጂም ማጨብጨብ ይጀምራሉ፣ ሌሎቹም ይከተላሉ። ሰውየው ያው ነው። እኛ ግን ከዚያ በኋላ እናዝንለታለን። ለእኔ ሙሉው ለውጥ እዚህች ቦታ ላይ ነው ያለው።

በዚያው በጋ ማይክልን ሆኖ የሚጫወተው ስቲቭ ካሬል የተወነበት ፊልም ሲኒማ ቤቶችን አጥለቅልቆ ነበር። የድራማው መሪ ግሬግ ዳንኤልስና ጸሐፊዎቹ ከዚያ ተነስተው ማይክልን ይበልጥ ተስፈኛ፣ ለመወደድ የሚጓጓ ሰው አደረጉት። ሃያሲያኑም ሥራውን በራሱ እግር የቆመ አድርገው ማየት ጀመሩ። ካሬል በጃንዋሪ 2006 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት ድራማው ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት በምርጥ ኮሜዲ ዘርፍ አገኘ።

ቁጥሮቹ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሃያሲያንን አስተያየት በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ላይ 90 በመቶ ማለት ከመቶ 90 ነጥብ ማለት አይደለም። ከ10 ሃያሲያን 9ኙ «ደህና ነው» ብለዋል ማለት ነው። ዘጠኙም በጣም ላይደነቁ ይችላሉ። አማካይ ነጥብ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ ነው። ደግሞ ስለ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚጽፈው ሃያሲ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ያንሳል። የመጀመሪያውን ያልወደደ ሰው ትቶት ይሄዳልና የቀሩት ወዳጆቹ ይሆናሉ። ነጥቡ ከፍ ቢል አይገርምም። ሌላም አለ። ጣቢያው አስቀድሞ ለሃያሲያን የሚልከው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብቻ ስለሆነ ፍጻሜውን ሳያዩ ነው የሚፈርዱት።

ስለ አንድ የእግር ኳስ አሰልጣኝ በሚተርከው «ቴድ ላሶ» ላይ ይህ በደንብ ታይቷል። በ2020 ሰው በወረርሽኙ ተጨንቆ ሳለ የመጣ ደግ ኮሜዲ ነበር። በ2021 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ውዳሴው ቀጠለ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ሲለቀቅ ግን ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «ግጭት የለውም፣ ጣፋጭነቱ በዛ» አለ። ሌላው ደግሞ የአሰልጣኙ ጭንቀትና የረዳቱ የኔት ቅያሜ ቀስ እያለ ሲበስል አይቶ «ታገሱ» አለ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ ኔት የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም፣ ምልክቱ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጀምሮ ነበር። ያ ምዕራፍ በ2022 የምርጥ ኮሜዲ ኤሚን ቢወስድም የተከራከሩት ሃያሲያን እስካሁን አልተስማሙም።