ስፓርስ ሞዴሊንግ በአቶም ደረጃ ምስል ሥራ

በየጎኑ 2 ናኖሜትር የሆነ የሲሊከን ኩብ ውስጥ 400 ገደማ አቶሞች አሉ። ያንኑ ኩብ በ0.02 ናኖሜትር ስፋት ብንከፋፍለው አንድ ሚሊዮን ትንንሽ ክፍሎች ይወጣሉ፤ አቶም ያለባቸው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስፓርስ ሞዴሊንግ የሚነሳው ከዚህ ባዶነት ነው፦ ከልኬቱ ጋር ከሚስማሙት መልሶች ውስጥ አብዛኛው ቁጥሩ ዜሮ የሆነውን ይመርጣል።

ስሌቱ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያሳንሳል፤ በልኬቱና በሞዴሉ መካከል ያለውን ልዩነት በካሬ፣ እና የመልሱን ቁጥሮች ፍጹም ዋጋ ድምር። ሁለተኛው ቅጣት ነው፤ ክብደቱን በሚወስን ላምዳ በሚባል ቁጥር ተባዝቶ ይደመራል። ይህ ስሌት በስታቲስቲክስ ዘንድ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላሶ ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የሒሳብና የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎቹ ካንዴስ፣ ሮምበርግና ታኦ እንዲሁም ዶኖሆ ባሳተሟቸው ሥራዎች፣ ልኬቱ በዘፈቀደ ከተበተነ ከፒክሰሎቹ እጅግ ያነሰ ልኬት ሊበቃ እንደሚችል አሳይተዋል።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ዘንድ ዘዴው ያስፈለገው የኤሌክትሮን ጨረሩ ናሙናውን ስለሚጎዳ ነው። 50 ፒኮአምፒር ጨረር አንድ ፒክሰል ላይ 10 ማይክሮሰከንድ ቢቆይ 3,100 ገደማ ኤሌክትሮን ያርፋል። ፒክሰሉ በየጎኑ 0.02 ናኖሜትር ከሆነ ይህ በካሬ አንግስትሮም (አንድ አንግስትሮም 0.1 ናኖሜትር ነው) 78,000 ያህል ነው፤ አንዳንድ የብረትና ኦርጋኒክ ውህድ ክሪስታሎች ግን በጥቂት አሥሮች ይፈርሳሉ። ጨረሩ ሲቀነስ ደግሞ ኖይዙ፣ ማለትም የልኬቱ የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ይበረታል፦ 100 ኤሌክትሮን ሲቆጠር መዋዠቁ 10 በመቶ ነው፣ 4 ሲቆጠር 50 በመቶ።

ስለዚህ ከ512 በ512 ፒክሰል 20 በመቶውን ብቻ፣ ማለትም 52,000 ያህል ነጥብ፣ መቃኘት ይቻላል። ችግሩ ጨረሩን የሚያዞሩት የሽቦ መጠምጠሚያዎች ናቸው፤ ከነጥብ ወደ ሩቅ ነጥብ ሲዘሉ ወዲያው አይረጉም፣ የተመዘገበው ቦታም ከእውነተኛው ይለያል። በየመስመሩ እየተጓዙ በዘፈቀደ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለል ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። በዝላዩ ጊዜ ጨረሩ ካልተዘጋም ናሙናው ሳይለካ ይመታል፤ የተቆጠበ ነገር የለም ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ጠቅላላው የኤሌክትሮን መጠን እኩል ከሆነ ፒክሰል መዝለል፣ ሁሉንም በደካማ ጨረር ቃኝቶ በኋላ ኖይዝ ከማጥራት ላይበልጥ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ተዘንግቶ ይቀራል።

ምስሉ የሚገለጽበት መሠረት፣ ማለትም ምስሉ የሚገነባባቸው መነሻ ቅርጾች፣ ምርጫ ውጤቱን ይወስናል። ለፍጹም ክሪስታል ፎሪየር፣ ማለትም ምስሉን እንደ ተደጋጋሚ ሞገዶች ድምር መግለጽ፣ ይበቃል። ጉድለት ላለበት ናሙና 8 በ8 ፒክሰል ከሆኑ ቁራጮች ከራሱ ከምስሉ የተማረ የቅርጾች መዝገብ ይሻላል፣ ምክንያቱም ፎሪየር የጎደለን አቶም በዙሪያው ባለው ድግግሞሽ ሊሞላው ይችላል፤ ተመልካቹም ያማረ ግን የሌለ ነገር ያያል።

ላምዳ በግምት አይመረጥም። ነጥቦቹ 10 ቦታ ይከፈላሉ፤ በ9ኙ ሞዴሉ ይሠራል፣ በ10ኛው ይፈተናል፣ ይህም በየተራው ይደገማል። ላምዳ ሲያንስ ኖይዙ አቶም መስሎ ይወጣል፤ ሲበዛ እንደ ኦክስጅን ያሉ ቀላል አቶሞች ከከባዶቹ ጎን ይጠፋሉ። ቅጣቱ ብርሃናቸውንም ወደ ዜሮ ስለሚጎትት፣ ቦታቸው ከታወቀ በኋላ ጥንካሬያቸው ያለ ቅጣት እንደገና በተራ የካሬ ስሌት ይሰላል። ይህን ትቶ ከብርሃን መጠን የአቶም ዓይነት መናገር ስህተት ነው።

ሌላው ችግር መቀራረብ ነው። ሲሊከን 110 በሚባለው የክሪስታል አቅጣጫ ሲታይ ጥንድ ዓምዶቹ (በእይታው አቅጣጫ የተደረደሩ አቶሞች) በ0.136 ናኖሜትር ይራራቃሉ። የጨረሩ ስፋት ከዚህ ሲበልጥ ሁለቱ በልኬቱ ላይ የሚያሳዩት አሻራ ስለሚመሳሰል ስሌቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ሊጥል ይችላል፤ በሌላ የኖይዝ ናሙና ደግሞ ምርጫው ይገለበጣል። ማወቂያው መረጃውን ሁለት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ማስላት ነው። በአንዱ ብቻ የታየ ዓምድ አይታመንም። ከልኬቱ ሞዴሉ ተቀንሶ የሚቀረውም በምስል ይታያል፤ በቀሪው ላይ በቋሚ ርቀት የተደረደረ ነጠብጣብ ካለ መሠረቱ አልበቃም፣ ነጠላ ነጠብጣብ ካለ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሞዴሉ የደመሰሰው ጉድለት ሊኖር ይችላል።