ገለልተኛ አመለካከት ምንድን ነው? ለምርጫ እጩስ ይገባዋል?

ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት በዊኪፔዲያ ላይ ገለልተኛ አመለካከት የሚባል ደንብ አለ። ከሦስቱ ዋና የይዘት ደንቦች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የተጻፈው ሁሉ ምንጭ ይኑረው፣ ሌላ ቦታ ያልታተመ የራስህን ግኝት አታስገባ የሚሉት ናቸው። ገለልተኛ ማለት ጽሑፉ ራሱ ወገን አይዝም ማለት ነው። ወገን የያዙ ሰዎች ያሉትን ግን፣ ማን እንዳለው እየጠቀሰ ያቀርባል።

ብዙ ሰው ግማሽ ምስጋና፣ ግማሽ ወቀሳ ይመስለዋል። አይደለም። ለአንድ ነገር የሚሰጠው ቦታ የሚለካው ታማኝ ምንጮች በሰጡት ክብደት ነው። ምንጭ የሌለው ሐሜት ግማሽ አንቀጽ ቀርቶ አንድ መስመርም አያገኝም።

እኛ ጎንደሮች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። አጼ ቴዎድሮስ ቋራ ተወልደው የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሱ ንጉሥ ናቸው። እኚሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አቃጥለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አዘርፈዋል። ገለልተኛ ጽሑፍ ሁለቱንም ይጽፋል። አንዱን ቢያስቀር አንድም ቃል ሳይዋሽ ወገን ያዘ ማለት ነው። «ጀግና» ወይም «ጨካኝ» ብሎ መፍረዱን ግን ለአንባቢው ይተወዋል።

እጩም ያው ነው። «ሌት ተቀን ለሕዝብ የሚደክም ቆራጥ ታጋይ» የሚለው ፒያሳ በሚለጠፍ የቅስቀሳ ወረቀት ላይ ነውር የለውም፣ ቦታው ነው። መዝገበ ዕውቀት ላይ ግን የት ሠራ፣ በየትኛው ምክር ቤት ተቀመጠ፣ በየትኛው ጉዳይ ምን ብሎ ድምፅ ሰጠ፣ ተከስሶ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ምን ወሰነ የሚለው ነው የሚያስፈልገን።

ይገባዋል ወይ ለሚለው፣ ገጽ ማግኘት የእጩ መብት አይደለም። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለምርጫ መወዳደር ብቻውን ገጽ አያሰጥም። ገጹ አንዴ ከተከፈተ ግን ገለልተኛ መሆን አለበት፤ የምንጠላውም እጩ ቢሆን። ይህን የምለው ለእጩው አዝኜ ሳይሆን ስሙን ስልኩ ላይ ፈልጎ ያገኘውን አምኖ ድምፅ ለሚሰጠው መራጭ ብዬ ነው።

አደጋው ከሁለቱም በኩል ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ጆን ሴገንታለር የተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ገጽ ላይ ከኬኔዲ ግድያ ጋር የሚያያይዛቸው የበሬ ወለደ ወሬ ተጽፎ ለወራት ማንም ሳይነካው ቆየ። በዓመቱ ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ሠራተኞች የአለቆቻቸውን ገጽ ሲያሳምሩ ተደረሰባቸው። ዛሬ በሕይወት ስላለ ሰው የተጻፈ ምንጭ አልባ ክስ ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያው ይሰረዛል። ደንቡ እንዲህ ቢልም የሚሰርዝ ሰው ያስፈልገዋል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ካድሬ የጻፈው ውዳሴ ወይም ስድብ ሳይነካ ሊከርም ይችላል።

ስለዚህ የእጩ ገጽ ስታነቡ ከጽሑፉ በፊት ማን መቼ ምን እንደጻፈ የሚያሳየውን የለውጦቹን ታሪክ ክፈቱ፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ገጹን ያዘጋጀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱም ከዚያ እጩ ውጪ ስለ ምንም ጽፎ የማያውቅ ከሆነ፣ ከታች ያሉትን ምንጮች አንድ በአንድ እየከፈታችሁ አረጋግጡ።