ሮብዓምን የወጣት ማስፈራሪያ አታድርጉት

አንድ ወጣት ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሐሳብ ይሰጣል። ከትልልቆቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ “ሮብዓምን ያጠፋው የወጣት ምክር ነው” ይላል። ወጣቱ ይቀመጣል። አለቀ። መጽሐፍ ቅዱስ ሳስተምር ይህችን አባባል ያልሰማሁበት ጊዜ የለም። ምዕራፉን ገልጦ የሚያነብ ግን ብርቅ ነው።

እስቲ 1ኛ ነገሥት 12ን እንክፈት። ሰሎሞን ሞቷል፤ ልጁ ሮብዓም ሊነግሥ ሴኬም ወርዷል። የሕዝቡ ጥያቄ አንድ ናት፦ አባትህ ቀንበር አክብዶብናል፣ አንተ አቅልልልን፣ እንገዛልሃለን። የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጣቸው። የአባቱ አማካሪዎች የነበሩት ሽማግሌዎች “በመልካም ቃል መልስላቸው” አሉት። አብሮ አደጎቹ ደግሞ “ታናሿ ጣቴ ከአባቴ ወገብ ትወፍራለች በላቸው” አሉት።

አሁን 14፥21ን ተመልከቱ። ሮብዓም ሲነግሥ 41 ዓመቱ ነው። አብሮ አደጎቹም ያው የእሱ እኩዮች ናቸው። የሃያ ዓመት ልጅን ዝም ለማሰኘት የአርባ ዓመት ጎልማሶችን መጥቀስ ምን ይሉታል?

ወደ ምዕራፍ 12 ተመለሱና ቁጥር 8ን ደግሞ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ሽማግሌዎቹ የመከሩትን ትቶ ነው ወደ ጓደኞቹ የዞረው። ልቡ የሸፈተው ጓደኞቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው። የፈለገው አጨብጫቢ እንጂ አማካሪ አልነበረም። አጨብጫቢ ደግሞ በሁሉም ዕድሜ አለ። ይባስ ብሎ፣ በግዳጅ ሥራ የተማረረውን ሕዝብ እንዲያነጋግር የላከው የግዳጅ ሥራውን ኃላፊ አዶኒራምን ነው! ሕዝቡ በድንጋይ ወግሮ ገደለው። ንጉሡ ሰረገላው ላይ ወጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ፈረጠጠ።

አንዲት ሒሳብ የያዘች ልጅ “ይህን ወጪ አንችለውም” ስትል ሮብዓም ሲጠቀስባት አይቻለሁ። ወጪው ወጣ፣ ካዝናው ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ “ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?” ተባለች።

ስለ መሪና ስለ ምክር የሚነገሩ ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችንም ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው።

“አማካሪ ከበዛ ስህተት የለም።” ምሳሌ 11፥14 ትጠቀሳለች። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ 400 ነቢያት ነበሩት፤ ሁሉም “ውጣ፣ ታሸንፋለህ” አሉት። ነቢዩ ሚክያስ ብቻ ሌላ ተናገረ፤ በጥፊ ተመታ፣ ታሰረ። አክዓብ በዚያው ጦርነት ሞተ። አራት መቶ ሰው አለቃው ደስ የሚለውን ብቻ ከተናገረ የተሰጠው ምክር አንድ ነው፣ እሱም የአለቃው የራሱ። መሪ ከሆንክ፣ ባለፈው ዓመት ፊት ለፊት “ተሳስተሃል” ያለህን ሰው ስም ጥራ። ካጣህ ችግሩ ያለው አንተ ጋ ነው። ካገኘህ ደግሞ ሰውዬው አሁን የት ነው ያለው? ሐሳብ ስትጠይቅም የራስህን መጨረሻ ላይ ተናገር፤ ቀድመህ ከተናገርክ የምትሰማው ማሚቶህን ነው። ወስነህ ከጨረስክ ደግሞ “ወስኛለሁ” በል፣ ሰውን አታድክም።

“እግዚአብሔር የሾመው መሪ የሰው ምክር አያሻውም።” ሙሴን የሚያክል ማን አለ? ዘጸአት 18 ላይ አማቱ ዮቶር፣ ያውም የምድያም ካህን፣ “የምታደርገው መልካም አይደለም” አለው። ሙሴ አልተቆጣም። የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች ሾመ።

“ሕዝብን መስማት ማለት ያሉትን ሁሉ ማድረግ ነው።” አሮን ሕዝቡን ሰምቶ ጥጃ ሠራ። ንጉሥ ሳኦልም “ሕዝቡን ፈርቼ” ብሎ አመካኘ። ሁለቱም ፈሩ እንጂ አላዳመጡም።

“ማጉረምረም ኃጢአት ነው፣ መልስ አይሰጠውም።” ይህች ደግሞ የመሪዎች ተወዳጅ ናት። በሐዋርያት ሥራ 6 ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አማኞች መበለቶቻችን በዕለቱ እደላ ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያት አልገሠጿቸውም። ሁሉን ሰብስበው “ሰባት ሰዎች እናንተው ምረጡ” አሉ። የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። የእደላው ኃላፊነት ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ሳይሰጥ አልቀረም።