ሽንት ወደ ኩላሊት ሲመለስ፦ በልጆች ላይ የሚመላለስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን

ሽንት ከኩላሊት በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። ቱቦዎቹ የፊኛውን ግድግዳ በሰያፍ ሰንጥቀው ነው የሚገቡት። ፊኛ ሲሞላ ያቺ ሰያፍ መንገድ ተጨፍልቃ ትዘጋለች። በአንዳንድ ልጆች ግን ከተፈጥሮ አጭር ስለሆነች በደንብ አትዘጋም፤ ሽንቱም ወደ ላይ ይመለሳል።

መመለሱ ብቻውን አያምም። ጣጣው የሚመጣው ባክቴሪያ ሲገባ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንጀት የሚመጣው ኢ. ኮላይ። የሚመለሰው ሽንት ተሸክሞት ኩላሊት ድረስ ይወጣል። እዚያ የሚቀረው ጠባሳ ከዓመታት በኋላ የደም ግፊት ሊያስከትል ይችላል።

ጨቅላ ሕፃን «ስሸና ያቃጥለኛል» አይልም። ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጡት እምቢ ይላል። ቤተሰብ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲኖር ሽንቱ ይመርመር። ለከልቸር (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ ለሚለይ ምርመራ) የሚሆነው ናሙና አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ቢወሰድ ይመረጣል። በላዩ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት የተሰበሰበ ሽንት በቆዳ ባክቴሪያ ስለሚበከል ያሳስታል።

መመለሱን የሚያሳየው ፊኛውን በካቴተር (በሽንት መውጫው በሚገባ ቀጭን ቱቦ) በቀለም ሞልቶ ልጁ ሲሸና የሚነሳ ራጅ ነው። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። ዝቅተኛዎቹ ልጁ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይጠፋሉ።

በየቀኑ ትንሽ አንቲባዮቲክ መስጠት ይጠቅማል ወይ? በ2014 በአሜሪካ የወጣ ጥናት 607 ልጆችን ተከታትሎ ነበር። ኮትራይሞክሳዞል የተባለውን አንቲባዮቲክ የወሰዱት ላይ ኢንፌክሽኑ የመመለስ ዕድሉ በግማሽ ያህል ቀነሰ። የኩላሊት ጠባሳው ግን ልዩነት አላሳየም። በዚያ ላይ ኢንፌክሽኑ ሲመለስ መድኃኒቱን የተላመደ ኢ. ኮላይ የተገኘው ከወሰዱት 63 በመቶው ላይ ሲሆን፣ ካልወሰዱት 19 በመቶው ላይ ነው። ስለዚህ ውሳኔው እንደየልጁ ይለያያል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የሆድ ድርቀትን ነው። የታጨቀ አንጀት ፊኛውን ይጫናል፣ ሽንትም ተሟጥጦ አይወጣም። የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ቆሽሾባት ቀኑን ሙሉ የምትይዝ ልጅም እዚያው ችግር ውስጥ ትገባለች። እንዲህ ያሉ ልጆች ላይ ኢንፌክሽኑ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። ድርቀቱን ማከምና በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ማሸናት ከመድኃኒቱ እኩል ትኩረት ይገባዋል።

ከባድ ደረጃ ላይ ላሉትና ኢንፌክሽኑ እምቢ ላላቸው ቀዶ ሕክምና አለ፤ ቱቦው ከፊኛው ጋር እንደገና ይገጠማል። ቀለል ያለው አማራጭ በቱቦው አፍ ሥር ጄል መውጋት ነው።